«ጠዋት ሳይክል፣ ከሰዓት ካያክ» አይሆንም፦ ስለ ጣና የአንድ ቀን ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስልኬ ይጠራል። «ቅዳሜ ስድስት ሆነን ከአዲስ አበባ እንመጣለን» ይለኛል ደዋዩ። «ጠዋት በቀዝቃዛው አየር በሳይክል ዘጌ እንገባለን። ከሰዓት ሲሞቅ ደግሞ በካያክ ደሴቶቹን እያየን ወደ ባሕር ዳር እንመለሳለን። እንዴት ነው?»

አይሆንም፣ ወንድሜ።

ጣና ላይ ሰው በሳይክልና በካያክ (በእጅ በሚቀዘፍ ጠባብ ጀልባ) ማስጎብኘት ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ይህችን ዕቅድ ያልሰማሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ለሰሚው ልክ ትመስላለች። በብርዱ ፔዳል መምታት፣ በሙቀቱ ውሃ ላይ መሆን። እኔ ገልብጬ «ካያኩ በጠዋት፣ ሳይክሉ ከሰዓት» ስል ግን ክርክሩ ይጀመራል። «ለምን በሌሊት ትቀሰቅሰናለህ? እረፍት ላይ እኮ ነን። ቁርሳችንን በልተን በሦስት ሰዓት ብንወጣ ምን ይላል?» ሁልጊዜ በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ።

«ሐይቅ ነው እንጂ ባሕር አይደለም፤ ጠዋት ጸጥ ካለ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ይላል»

የስህተቱ ሁሉ እናት ይህች ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጣና መስታወት ነው። የደሴቶቹ ጥላ ውሃው ላይ ተኝቶ ይታያል። እንግዳው ፎቶ ያነሳና «በቃ፣ ይሄ ውሃ ምንም አያደርግም» ብሎ ይደመድማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የብሱ ቶሎ ይሞቃል፤ ውሃው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። የብሱ ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል። የእሱን ቦታ ለመያዝ ቀዝቃዛው አየር ከሐይቁ ወደ የብሱ ይነፍሳል። ፀሐይዋ እየበረታች በሄደች ቁጥር ነፋሱም ይበረታል። ባሕር ዳር ያለችው ደግሞ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ የከሰዓቱ ነፋስ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከሰሜን፣ በክፍቱ ውሃ ላይ ሲንደረደር ቆይቶ ነው። ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ነፋስ ብዙ ርቀት በውሃ ላይ በተጓዘ መጠን የሚያስነሳው ማዕበል ያድጋል።

ሌላም አለ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 እና 15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ውሃ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ትልቅ ጀልባ ይህን ችላ ብሎ ያልፋል። ካያክ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን እያንዳንዷን ይቆጥራታል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ጎበዝ «ታዲያ ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ ወደ ቤታችን ነዋ የሚገፋን! ጥሩ አይደል?» ይለኛል። ከፊት የሚመጣ ማዕበል ያደክማል እንጂ ታየዋለህ፤ አፍንጫውን አዙረህ ትገጥመዋለህ። ከኋላ የሚመጣው ግን አይታይም። የካያኩን ጭራ ያነሳና ወደ ጎን ያዞረዋል። ካያክ በጎኑ ከዞረ ቀጣዩ ማዕበል ይገለብጠዋል። ልምድ የሌለው ሰው በብዛት የሚገለበጠው እንዲህ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው።

ከሳይክሉ ጋር አወዳድሩት። ከሰዓት መንገድ ላይ ነፋስ ቢመጣባችሁ ትወርዳላችሁ። ዛፍ ሥር ትቀመጣላችሁ፣ ውሃ ትጠጣላችሁ፣ ካሻችሁ እየገፋችሁ ትሄዳላችሁ። ውሃ ላይ መውረድ የለም። መቅዘፍ ባቆማችሁባት ደቂቃ ነፋሱ ወደፈለገበት ይወስዳችኋል። ስለዚህ ማረፍ የማይቻልበት ሥራ ጉልበት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሠራል። ማረፍ የሚቻልበት ይከተላል።

አንድ ጊዜ ግን እሺ ብያለሁ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች። አባትየው ትሑት ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ልጆቹ ይተኙ፣ ለአንድ ሰዓት ብለህ አታካብደው» አሉኝ። ሰው አክብሬ እሺ አልኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ወጣን። ወደ እንጦስ ስንሄድ ደህና ነበርን። ደሴቱ ላይ ቆይተን ስንመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ውሃው ነጭ ነጭ ማለት ጀምሯል። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ከእናቷ ጋር የያዘችው ካያክ ከኋላ በመጣ ማዕበል ዞሮ ተገለበጠ። ሁለቱም ላይፍ ጃኬታቸውን በደንብ አስረዋል። እኔ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እናትየው ግን በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ የልጇን ስም የጠራችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሞተር ጀልባ ደርሶ አወጣን። ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው እኔ ነበርኩና። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ አዲስ ሰው ይዤ ውሃ ላይ አልገኝም። የሞተር ጀልባም ሁልጊዜ ከኋላችን ይከተላል። ዋጋው የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

የክረምት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የብሱ ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሐይቁ ላይ ግን በብዛት ሌሊት ይዘንባል። ሌሊቱን ሲያጉረመርም ካደረ ጠዋት ሰማዩ ቢጠራም ውሃው እስኪረጋ እንጠብቃለን። አንዳንዴ ጭራሽ እንሰርዛለን።

«ዋና እችላለሁ፤ ላይፍ ጃኬት አያስፈልገኝም»

የመዋኛ ገንዳ ዋናና ልብስ ለብሶ፣ ጫማ ተጫምቶ፣ ማዕበል ፊትን እየመታ የሚዋኙት ዋና አንድ አይደሉም። ሰው ሳያስበው ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አፉን ከፍቶ አየር መሳብ ነው። አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ያን ጊዜ ጭንቅላትን ከውሃ በላይ የሚይዘው ጃኬቱ ነው።

ደግሞ ጃኬቱ የሚለበስ ነው። እግር ሥር ማስቀመጥ፣ መቀመጫ ማድረግ፣ ማሰሪያውን ለፎቶ ፈታ ማድረግ የለም። ትከሻውን ይዤ ወደ ላይ ስጎትተው ከአገጭ በላይ ከወጣ አልታሰረም ማለት ነው። ይህን ለሁሉም አደርጋለሁ፣ ለዋና አስተማሪም ጭምር።

«ካያክ የክንድ ጉልበት ይጠይቃል»

ወገብን አዙሮ መቅዘፍ ነው። በክንዱ ብቻ የሚቀዝፍ ወጠምሻ በግማሽ ሰዓት ይደክማል። ቀጠን ያለች ልጅ አልፋው ስትሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«ታንኳ አደገኛ ነው፣ ይሰምጣል»

የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው። ውስጡ ውሃ ቢገባ በመሐሉ ይወርዳል። እኛ የምንጠቀምበት ከላዩ የሚቀመጡበት ካያክም በዚሁ መላ ነው የተሠራው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ ሠርተው በጣና ላይ የኖሩት ፕላስቲክ ሳይታሰብ ነው። የታንኳ ችግሩ ሌላ ነው፤ ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ እየከበደ ይሄዳል፣ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ስለ ውሃው ጥያቄ ካላችሁ ከእኔ በፊት እነሱን ጠይቁ።

«ዘጌ ደሴት ነው»

አይደለም። ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው። ባይያያዝ ኖሮ በሳይክል እንዴት እንገባ ነበር?

«በአንድ ቀን ደሴቶቹን ሁሉ እናያለን»

ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ። ሁለት ካያችሁ ደህና ቀን ነው። ክብራንና እንጦስ ለባሕር ዳር ቅርብ ስለሆኑ የካያክ መንገዳችን በእነሱ በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ዘጌ። ዳጋ እስጢፋኖስና ደቅ በሞተር ጀልባም የሰዓታት መንገድ ናቸው። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያለበትን ዳጋን ማየት የፈለገ ሰው ሌላ ቀን ይመድብለት። በካያክ ዳጋ አድርሰኝ አትበሉኝ።

«ሴቶች የጣና ገዳማት አይገቡም»

በዚህ ወሬ ምክንያት ስንት እህት ከነጭራሹ ሳትመጣ ቀርታለች! ሴት የማይገባባቸው አሉ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ። ይህ የገዳማቱ ሥርዓት ነው፤ ይከበራል። እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባል። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይገባል። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ይገባል። የዑራን የግድግዳ ሥዕል ያላየች ሴት ካለች ገዳሙ ከልክሏት አይደለም።

የሚከለክለው አለባበስ ነው፤ ይህ ደግሞ ወንዱንም ይመለከታል። የሳይክል ቁምጣ ለብሶ ቤተ መቅደስ መጠጋት ነውር ነው። ረዥም ሱሪ ወይም ቀሚስ እና ነጠላ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ያዙ። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ አትርሱ፤ በእኩለ ቀን ድንጋዩ ይፋጃል።

«ሳይክል ልጅ ሆኜ ነድቻለሁ፣ 20 ኪሎ ሜትር ምን አላት»

ከዘጌ ባሕር ዳር ያለው ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የጠጠር መንገድ አስፋልት ላይ እንደመንዳት አይደለም። ዝናብ ሲሆን ጭቃ ነው። ስህተቱ ግን ከርቀቱ ይልቅ ኮርቻው ላይ ነው። ሁሉም ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርግልኝ ይላል፤ ሁለት እግሩ መሬት እንዲረግጥለት። ኮርቻ ዝቅ ካለ ጉልበት ሁልጊዜ እንደታጠፈ ይሠራል፤ ማታ የሚያመው እሱ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ሊዘረጋ ትንሽ የቀረው ይሁን። የፊት ፍሬንን ደግሞ አትፍሩት። ከሁለቱ የበለጠ የሚያቆመው እሱ ነው። በቀስታ ከኋላው ጋር አብራችሁ ያዙት፤ ጠጠር ላይ ስትታጠፉ ብቻ ተዉት።

«ጉማሬ ሣር በል ነው፣ ሰው አይነካም»

ሣር በል መሆኑ እውነት ነው። ሰው የሚገድለውም እሱ ነው። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ይግጥና ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል። ካያክ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል ከገባ መንገዱን የዘጋበት ጠላት ነው። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ይታያል። ለዚህ ነው ጠዋት በዚያ በኩል የማልወጣው። «ትንሽ ጠጋ በልልን፣ ቪዲዮ እንቅረጽ» ለሚሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ የስልካችሁን ካሜራ አቅርቡት፣ እኛ አንቀርብም።

«ጣና እኮ በእምቦጭ ተሸፍኗል፤ መቅዘፊያ ቦታ የለም»

እምቦጭ ትልቅ መከራ ነው፤ ማንም እንዲያቀለው አልፈልግም። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዋናው የተንሰራፋው ግን በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። በእኛ መንገድ ክፍት ውሃ አለ። ከቁራጩም ከዘሩም ስለሚበቅል ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ካያክ ታጥቦና ደርቆ ካልሆነ እኔ ዘንድ ውሃ አይነካም።

«ውሃውን ካልጠጣሁት አያመኝም»

ይህን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ይበልጥ ያናድደኛል። ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ የሚገባው በቆዳ ነው። ትሏ ዳርቻው ላይ ባለው ጥልቀት የሌለው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ትወጣለች። ጤነኛ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስታ ትገባለች። ቁስል አያስፈልጋትም። በጣና ዙሪያ በሽታው አለ።

እና አንሄድም ማለት ነው? እንሄዳለን። ካያኩን የምናወጣውና የምናስገባው ሸንበቆና ቄጤማ ከሌለበት፣ ድንጋይ ወይም መድረክ ካለበት ቦታ ነው። ዳርቻ ላይ እግር ማንቦጫረቅ የለም። የረጠበ ሰው ወዲያው በፎጣ ጠንከር አድርጎ ራሱን ያደርቃል። ፎጣው ግን ቅድመ ጥንቃቄ እንጂ ዋስትና አይደለም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ወር ገደማ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ጣና ውሃ ነክቶኝ ነበር» ብላችሁ ንገሩና ተመርመሩ። በማግስቱ ብትመረመሩ የትሏ እንቁላል ገና ስለማይታይ «ነጻ ነህ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ይድናል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ሆዱን ለወራት ሲያመው ጨጓራ ነው እያለ ቆይቶ በስንት ጉትጎታ ተመርምሮ አገኙበት። ጣና መዋኘቱን ለሐኪሙ አልነገረም ነበር።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የደወላችሁት ስድስታችሁ፦ የመንገዱን ሰላም ዓርብ ማታ አጣርቼ እደውላለሁ፤ ደህና ካልሆነ ጉዞ የለም፣ ገንዘባችሁም ይመለሳል። ደህና ከሆነ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ወደቡ ላይ እንገናኝ። ሻይና ዳቦ እይዛለሁ። ቁርሱን እንጦስ ስንደርስ እንበላለን፤ ሳይክሎቹ ዘጌ ላይ ይጠብቁናል።