«ወፈርሽ» እና «ፋት»፦ ስለ ሰውነትና ስለ ስሜት በእንግሊዝኛ ስናወራ የሚያሳስቱን ነገሮች

ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ፋሲል ግቢ እንግዳ የሚያስጎበኝ ወጣት አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሕክምናን በእንግሊዝኛ ተምሮ ታካሚን በአማርኛ የሚያነጋግር ተማሪም አለ። ስለ ዋጋና ስለ መንገድ ሲያወሩ የማይቸገሩ ሰዎች ወሬው ወደ መልክ፣ ወደ ክብደትና ወደ ስሜት ሲዞር ይሳሳታሉ። ጉዳዩ የቃላት እጥረት ብቻ አይደለም፤ ስለ ቃላቱ የተያዙ አንዳንድ እምነቶችም ልክ አይደሉም። ከታች ርዕስ ሆነው የተቀመጡት እነዚህ የተሳሳቱ እምነቶች ናቸው፤ እርማቱ ከየሥራቸው አለ።

«ወፈርሽ» በእንግሊዝኛ «ዩ ጋት ፋት» ነው

ፍቺው ይቀራረባል፣ ክብደቱ ግን አይገናኝም። ፒያሳ ላይ ለወራት ያልተያዩ ሰዎች ሲገናኙ «ውይ፣ ወፍረሻል! ተመችቶሻል» ማለት ብዙ ጊዜ ሙገሳ ነው፤ «ከስተሃል፣ ምን ሆነህ ነው?» ደግሞ ስጋት። (ዛሬ ዛሬ «ወፈርሽ» የማያስደስታቸው የከተማ ልጆች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።) በእንግሊዝኛ «ዩ ጋት ፋት» ፊት ለፊት ስድብ ነው። «ሃቭ ዩ ሎስት ዌይት?» የሚለውን ብዙዎች እንደ ሙገሳ ይሰሙታል፤ በሕመም ወይም በሐዘን ለከሳ ሰው ግን ይጎረብጣል። ስለ ክብደት ጨርሶ ሳያነሱ «ዩ ሉክ ዌል» ወይም «ኢትስ ግሬት ቱ ሲ ዩ» ማለት ይሻላል።

ደረጃዎቹም መለየት አለባቸው። «ስሊም» ያሞግሳል፤ ወደ ሸንቃጣ ይጠጋል። «ቲን» እንዳነጋገሩ ነው፣ ተራ መግለጫም ስጋትም ሊሆን ይችላል። «ስኪኒ» አብዛኛውን ጊዜ ወደ ከሲታ ያደላል። «ቸቢ» ለሕፃን ጉንጭ ያምራል፣ ለአዋቂ ግን ያስቀይማል። «ኦቨርዌይት» እና «ኦቢስ» የሕክምና ቃላት ናቸው፤ «በጣም ወፍራም» ለማለት እንደፈለጉ አይለዋወጡም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚጠቀምበት ስሌት የኪሎውን ክብደት በሜትር ቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍላል፦ ከ18.5 በታች «አንደርዌይት»፣ 25 እና ከዚያ በላይ «ኦቨርዌይት»፣ 30 እና ከዚያ በላይ «ኦቢስ»። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው 27.7 ያመጣል። ይህን ሰው በሕክምና ጽሑፍ «ኦቢስ» ማለት ስህተት ነው፤ እዚያ ለመድረስ 87 ኪሎ ገደማ መሆን ነበረበት።

የቆዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። «ቀይ ናት» ለማለት «ሺ ኢዝ ሬድ» ካሉ፣ የሚሰማው ፈረንጅ ፀሐይ ያቃጠላት ወይም አፍራ ፊቷ የቀላ ይመስለዋል። ለቀይ «ላይት ስኪንድ»፣ ለጠይም «ብራውን ስኪንድ» ይበቃል።

«ደበረኝ» ማለት «አይ አም ዲፕረስድ» ነው

መብራት ጠፍቶ ከሰዓት በኋላውን ቤት መዋል የሚያመጣው ድብርት በእንግሊዝኛ «ቦርድ» ነው፤ ትንሽ ከፋ ካለ «ፊሊንግ ዳውን»። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም «ዲፕረስድ»ን አንዳንዴ በቀልድ ይሉታል፣ ነገር ግን ከማያውቁት ሰው ሲሰሙት በቁም ነገር ሊወስዱት ይችላሉ። በሕክምናው ቋንቋ «ዲፕረስድ» ለመባል የስሜት መውረድ ወይም የነገሮች ፍላጎት መጥፋት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት በሚቻል ሁኔታ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል መያዝ አለበት፤ የእንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና የትኩረት ችግርም አብሮት ይመጣል።

«ቦርድ»ን የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚገባበት ጉድጓድ «አይ አም ቦሪንግ» ነው፤ አሰልቺ ሰው ነኝ ማለቱ ነው። መጨረሻው «ኢንግ» የሆነው ስሜቱን ለሚያመጣው ነገር፣ «ድ» የሆነው ስሜቱ ለሚሰማው ሰው።

«ጭንቀት»ም ለሦስት ይከፈላል። «ዎሪ» በሐሳብ መብሰልሰል ነው። «ስትረስ» ከውጭ ካለ ጫና ይመጣል፣ ከፈተና፣ ከቤት ኪራይ፤ ጫናው ሲነሳ በአብዛኛው ይቀልላል። «አንግዛይቲ» ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም፣ ግልጽ ምክንያት ሳይኖርም ሊቀጥል ይችላል። «ነርቨስ» ደግሞ ንዴት አይደለም፤ ከፈተና ወይም ከቃለ መጠይቅ በፊት የሚሰማ መረበሽ ነው።

ስሜትን በአማርኛው ሰዋስው ማስኬድ ይቻላል

«ደከመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ከፋኝ» ቅርጻቸው ያለፈ ጊዜ ነው፣ የሚናገሩት ግን ስለ አሁን ነው። ሰውየውም ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው። በእንግሊዝኛ ሰውየው ባለቤት ይሆናል፣ ከዚያ «አም»፣ «ኢዝ» ወይም «አር»፣ ከዚያ ቅጽሉ፦ «አይ አም ታየርድ»። የአማርኛውን ቅርጽ ተከትሎ «አይ ዎዝ ታየርድ» ያለ ሰው፣ ድካሙ አልፎለታል ተብሎ ሌላ ደረጃ እንዲወጣ ይጋበዛል።

ሆድና ልብ በቀጥታ ይተረጎማሉ

አይተረጎሙም። «ሆደ ሰፊ»ን «ቢግ ስቶማክ» ብሎ ማመስገን ቦርጫም ብሎ መስደብ ነው፤ ቃሉ «ፔሸንት» ነው። «ሆደ ባሻ» ደግሞ «ሴንሲቲቭ»። እዚህ ላይ ከ«ሴንሲብል» ጋር እንዳይምታታ፤ እሱ አስተዋይ፣ ነገር የገባው ማለት ነው።

ለጤና ተማሪዎች ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከገጠር የመጣች እናት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ስትል፣ ካርዱ ላይ «አብዶሚናል ፔይን» ብሎ መጻፍ ምርመራውን ወደ ጨጓራ ሊወስደው ይችላል። እናትየዋ የምትናገረው ስለ መከፋት፣ ስለ ብቸኝነት ወይም ስለ ስጋት ሊሆን ይችላል። አባባሏን በአማርኛ እንዳለ መዝግቦ «እናቴ፣ ሕመም አለው ወይስ የመከፋት ነገር ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛውን ቃል መምረጥ ይገባል።

«ሶሪ» ይቅርታ መጠየቂያ ብቻ ነው

ሐዘን ላይ ላለ ሰው «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ሲባል ማንም ጥፋት አላመነም፤ የ«እግዚአብሔር ያጽናህ»ን ቦታ ይሸፍናል። ለ«አይዞህ» ግን አንድ ቋሚ ቃል የለም። ለተደናቀፈ «አር ዩ ኦኬ?»፣ ፈተና ለወደቀ «ዩ ዊል ዱ ቤተር ኔክስት ታይም»፣ ረጅም ችግር ውስጥ ላለ «አይም ሂር ፎር ዩ» ይባላል።

የሚመሳሰሉ ቃላትን በአንድ ቀን ማጥናት ያቀላል

መጻሕፍት ቃላትን በርዕስ ስለሚደረድሩ ይህ እውነት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች ያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ተቀራራቢ ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሲጠኑ ይምታታሉ። «ስሊም»ን ሰኞ ያጠና ሰው «ስኪኒ»ን ለሳምንቱ ያቆየው።

በአንድ ቀን ከስምንት ቃል አይብለጥ። ወረቀት ቆርጦ ከፊት ክፍት ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ከጀርባ ቃሉን መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ ከፊት «አይ ፊል ... ቢፎር ኤግዛምስ»፣ ከጀርባ «ነርቨስ»። ጥግ ላይ ቃሉ ለማን እንደሚባልና ለማን እንደማይባል በአማርኛ ይጨመር፤ «ቸቢ፦ ለሕፃን እንጂ ለጓደኛ አይባልም» እንደማለት። ወረቀቱ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በሁለተኛው ሳምንት ይታያል። የተሳሳቱት ወረቀት እንደ አዲስ ከማግስቱ ይጀምራል።