ሰሙን አትጣሉት፤ ስለ ግጥምና ሳይንስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰሙ መሸፈኛ ነው፤ ቁም ነገሩ ወርቁ ነው»

ስለ ቅኔ ሰምና ወርቅ፣ ማለትም ስለ ላይኛው ትርጉምና በውስጡ ስለተሸሸገው ምሥጢር፣ ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው ይህን ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ሰምን ተልጦ እንደሚጣል ልጣጭ እቆጥረው ነበር። ስያሜው ግን የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚሠራውን መስቀል አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሐረጉን፣ ጠርዙን፣ ቀዳዳውን ሁሉ። ከዚያ በጭቃ ይለብጠውና ሲደርቅ እሳት ላይ ያደርገዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ የቀለጠው ወርቅ ባዶ በቀረው ቦታ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር የሚገኘው ወርቅ መልኩ የሰሙ መልክ ነው። ሰሙ ላይ ጭረት ከነበረች ወርቁም ላይ አለች። ሰሙ የተንጋደደ ቅኔም ወርቁ አይቀናም። ዘዴው ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ የጄት ሞተር የተርባይን ክንፎች የሚቀረጹት በዚሁ መንገድ ነው።

«ቅኔ የሚቀዳው ከመጽሐፍ ብቻ ነው»

የቅኔ ተማሪ ቆጠራ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ለማሰላሰል፣ ሲወጣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ለብቻው ይቀመጣል። መጽሐፉን ያውቀዋል፤ ሰሙን ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በዙሪያው ከሚያየው ነው፤ ከንብ፣ ከንስር፣ ከዝናብ፣ ከአዝመራ። የንብን ጠባይ በቅጡ ሳያስተውል በንብ የመሰለ ተማሪ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ይታረማል።

«ሳይንቲስት ከግጥም ምን አገናኘው?»

ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1897 የወባን ተውሳክ በትንኝ ጨጓራ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አየ። ያንኑ ሰሞን ስለ ግኝቱ ግጥም ጻፈ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ግጥም መጻፉን ግን አልተወም።

«ነገሩ ከተብራራ ውበቱ ይጠፋል»

እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ኪትስ በ1820 ባሳተመው ግጥም ፍልስፍና (ዛሬ ሳይንስ የምንለው) ቀስተ ደመናን ይተረትረዋል ብሎ አዝኗል። በዚህ አልስማማም። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይን ከኋላ አድርገን ስንቆም ነው፤ ቀዩ ብርሃን ከጠብታዎቹ ወደ ዓይናችን የሚመለሰው በ42 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች የሚያዩት ብርሃን ከተለያዩ ጠብታዎች የመጣ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ እጄን ይዛ «የማርያም መቀነት! እይ!» ስትለኝ፣ እሷ የራሷን ታይ ነበር፤ እኔም የራሴን።