በትዕዛዝ የሚሠራ መኪና፦ ብየዳውና ፊኒሺንጉ

በትዕዛዝ የሚሠራ የጭነት መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ አይቀርም። ሻሲው፣ ማለትም መኪናውን የተሸከመው የብረት አጽም፣ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የካቢኑ ጣሪያ ተቆርጦ ዝቅ ይላል። ካሶኒው፣ ማለትም የኋላው የጭነት ሳጥን፣ ከባዶ ላሜራ ይሠራል። የተቆራረጠውን መልሶ አንድ የሚያደርገው ብየዳ ነው። ከብየዳ በኋላ ያለው መፍጨት፣ መቀጥቀጥ፣ ማለስለስና መቀባት ደግሞ ፊኒሺንግ ይባላል። እንደ ሁለት ሙያ ይወራላቸዋል እንጂ አንዱ ሲሰንፍ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላው ነው።

ከሻሲው እንጀምር። ብረቱ ወፍራም ነው፤ በፒካፕ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በከባድ መኪና 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። እዚህ ብየዳው ጠልቆ መግባት አለበት። ከላይ አምሮ ከሥር ያልያዘ ብየዳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካስቀያሚው የባሰ ነው። ስለዚህ የሚገናኙት ጠርዞች መጀመሪያ በግራይንደር ሰያፍ ተደርገው ይፈጫሉ፤ መሃላቸው ቦይ ይሠራል፤ ቦዩ ከታች ጀምሮ ይሞላል። ከዚያ በመገጣጠሚያው ጎን የአልማዝ ቅርጽ ያለው ማጠናከሪያ ብረት ይለጠፋል። ለምን የአልማዝ ቅርጽ? ሻሲው በጭነት ሲለመጥ ጫናው ከላይ እስከ ታች በቀጥተኛ አንድ መስመር ላይ እንዳይከማች ነው። በሙቀት የተጠናከረ የከባድ መኪና ሻሲ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብየዳ ያን ጥንካሬ ይፈታዋል። እዚያ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር ብሎንና ዳዶ ይሻላል።

የመጀመሪያው ብልጭታ ከመታየቱ በፊት ባትሪው ይፈታል፤ አለዚያ የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል። የማሳው መቆንጠጫ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ ብየዳ ማሽኑ የሚመልሰው፣ ደግሞ የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዛል። ራቅ ብሎ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ጎማውን በሚያሽከረክረው ኩሽኔታ በኩል አድርጎ ኳሶቹን ይበሳሳቸዋል። ከወራት በኋላ ጎማው ሲጮህ ማንም ብየዳውን አያስታውስም።

ለሻሲም ለላሜራም በብዛት የሚሠራበት ሚግ የሚባለው በጋዝ የሚከለል የብየዳ ዓይነት ነው። ሽቦው በራሱ እየተመገበ ይወጣል፤ ለብረት የተለመደው ጋዝ 75 በመቶ አርጎን፣ 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቲግ የሚባለው ሌላው የብየዳ ዓይነት በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግና በንጹሕ አርጎን ይሠራል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ቅጣት ነው። ነገር ግን ለአሉሚኒየም የነዳጅ ታንክ እሱን የሚያህል የለም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የቲግ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያንን ሽፋን እየሰበረ ያጸዳዋል።

ካቢኑ ጋ ሲደረስ ሕጉ ይገለበጣል። ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጠላቱ ሙቀት ነው። በያጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንዴ ልሂድ ካለ ላሜራው ዝናብ እንደመታው ካርቶን ይንሻፈፋል። ስለዚህ በነጥብ ይሠራል። ግራ ጫፍ ላይ አንዲት ነጥብ። ቀኝ ጫፍ ላይ ሌላ። ቀጥሎ መሃል። ከዚያ ላሜራው በእጅ እስኪነካ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ነጥቦቹ በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተደረደሩ በኋላ ክፍተቶቹ እየተዘለሉ ይሞላሉ። ከሩቅ ለሚያየው ሰውየው ሥራ የፈታ ይመስላል።

ይህም ሆኖ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ላሜራውንም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ባትላሜራው፣ ማለትም ላሜራ ቀጥቃጩ፣ ከኋላ ብረት ደግፎ ከፊት በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታዋል፤ የተኮማተረው ይለጠጣል። ግራይንደሩ ራሱም ያሞቃል። ላሜራው ሰማያዊ ከመታ ሙቀቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው። መገጣጠሚያው ደህና መሆኑን የሚያረጋግጠው ደግሞ ዓይን ሳይሆን መዳፍ ነው። ቀጭን የጥጥ ጓንት አድርጎ ዓይንን ጨፍኖ መዳበስ ነው። ጓንቱ እየተንሸራተተ ዓይን ያላየውን ጉብታ ይናገራል።

የሻሲው ብየዳ ግን እንዲሁ ለማሳመር ብቻ አይፈጭም። ያበጠውን ማንሳት ብረቱን ሊያሳሳው ይችላል።

ጎድጓዳውን ሞልቶ የሚያስተካክለው ሊጥ፣ ስቱኮ፣ ብዙ ይሰደባል፤ ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ጥሩ አገልጋይ ነው። ጉድጓድ ለመሙላት ሲከመር ይሰነጠቃል። በባዶው ብረት ላይ ኢፖክሲ ፕራይመር የሚባለው የመጀመሪያ መከላከያ ቀለም ይመታል፤ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት ከ80 ቁጥር ተጀምሮ በ180 እና በ320 እየለሰለሰ ይሄዳል። ሻሲውን በዱቄት ቀለም የሚያስቀቡም አሉ፤ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ ይጋገራል።

በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል፤ ስለዚህ ዚንኩ አስቀድሞ ይፈጫል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይበየድም። ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል።

ብዙዎች የሚረሱት የብየዳውን ጀርባ ነው። ከፊት ሲበየድ ከኋላ ያለው ፀረ ዝገት ተቃጥሏል። በር ውስጥና ካቢኑ ሥር ባሉ ዝግ ክፍተቶች በቀጭን ቱቦ ሰም ካልተረጨ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። ውጭው እንደ መስታወት እያበራ፣ አንድ ቀን ከበሩ ግርጌ ቀለሙ ትናንሽ አረፋ ያወጣል።