የሐሞት ጠጠርን በምግብ መከላከል

የበዓል በግ ሲበለት ያየ ሰው የሐሞት ከረጢትን ያውቃታል። ጉበቱ ሥር የተለጠፈች አረንጓዴ ነገር ናት። በላቹ ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣት፤ ከፈነዳች ጉበቱ ይመራል። የእኛም እዚያው ነው ያለችው። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ሐሞት ያመነጫል፣ ከረጢቷ ከፊሉን ተቀብላ ውሃውን እየመጠጠች ታወፍረዋለች፣ ቅባት ያለው ምግብ ስንበላ ደግሞ ተጨምቃ ወደ ትንሹ አንጀት ትለቀዋለች።

ጠጠር የሚፈጠረው በሐሞቱ ውስጥ ኮሌስትሮል ሲበዛ ወይም ከረጢቷ በደንብ ሳትጨመቅ ስትቀር ነው። መጀመሪያ አተላ የመሰለ ዝቃጭ ይሆናል፣ ቆይቶ ይጠጥራል። ቀይ የደም ሴሎች በብዛት በሚፈርሱባቸው በሽታዎች የሚመጣ ጥቁር ጠጠርም አለ፤ እሱ ከምግብ ጋር ብዙም አይገናኝም። ሴቶች (በተለይ የወለዱ)፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ውፍረት ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ሰው ስለ ሐሞት ጠጠር ሲያወራ ቅባት ላይ ብቻ ነው የሚፈርደው። በእኔ አስተያየት የባሰው ጠንቅ ሰዓት ማዛባት ነው። ቅባትን ጨርሶ ማጥፋት ከረጢቷን ሥራ ያስፈታታል፤ በየማዕዱ ትንሽ ዘይት፣ ሱፍ፣ ተልባ ወይም ኦቾሎኒ ቢኖር ይሻላል። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራቱን በልቶ እስከ ማግስቱ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ለ19 ሰዓት ከረጢቷን በወጉ አላስጨመቃትም ማለት ነው። ጾሙን ተዉ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የጤፍ እንጀራው ሐኪም ብሉ የሚላችሁ፣ አሰር (ፋይበር) የሞላበት ምግብ ነው። የሚያበላሸው ማፍጠሪያው ነው፤ ነጭ ዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ ጥብስ ድንች፣ ከላዩ ለስላሳ። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፣ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ጠዋት ክትፎ፣ ቀን ጥብስ፣ እና ሳይታወቅ የቆየ ጠጠር ካለ በዚያ ሰሞን ራሱን ሊያሳውቅ ይችላል።

ሌላው በጥድፊያ መክሳት ነው። ለሠርግ ቀሚስ ብሎ በአንድ ወር 10 ኪሎ መጣል ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ሰውነት ስቡን ሲያቀልጥ ጉበት ብዙ ኮሌስትሮል ወደ ሐሞቱ ይደፋል። በሳምንት ከ1 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። የሚያስደስተው ቡና ነው፤ ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ ጠጠሩ አነስ ብሎ መታየቱን ጥናቶች ያሳያሉ። ግን ሲኒው በሦስት ማንኪያ ስኳር ከተሞላ ነገሩ ይለያል።

«ብዙ ውሃ ጠጣ፣ ይወጣል» የሚባለው የኩላሊት ጠጠር ምክር ነው፣ ለዚህኛው አይሠራም። የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥተው አረንጓዴ ድብልብል ነገር ወጣልን የሚሉም አሉ፤ ያ ነገር ተመርምሮ ዘይቱ ራሱ አንጀት ውስጥ ሳሙና ሆኖ የተጋገረ ሆኖ ተገኝቷል። ምግብ ጠጠር እንዳይፈጠር ያግዛል እንጂ የተፈጠረውን አያሟሟም።

ብዙው ጠጠር ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነው፤ ካላመመ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። የሚያም ከሆነ መፍትሔው ከረጢቷን ማውጣት ነው፤ ይህ ቀዶ ጥገና በርሊን ውስጥ በ1882 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ቆይቷል፣ ዛሬ በትንንሽ ቀዳዳዎች ይሠራል። ከረጢቷ ብትወጣም ጉበት ሐሞቱን ማመንጨቱን አይተውም፣ ስለዚህ ሐሞተ ቢስ አትሆኑም።

ከባድ ምግብ በተበላ በሰዓታት ውስጥ ከቀኝ ጎድን ሥር ጀምሮ ወደ ትከሻ ወይም ጀርባ የሚሄድ ሕመም ካለ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ኪኒን ከመዋጥ አልትራሳውንድ መታየት ነው። ትኩሳት ከጨመረበት ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል።