«ግድ የለም፣ ይግባኝ እንላለን»፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ዙሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ግድ የለም፣ ይግባኝ እንላለን፤ ማስረጃውን ያን ጊዜ እናቀርባለን።» ባለፈው ወር ብቻ ይህን ከሦስት ሰዎች ሰምቻለሁ። አንዷ ደረሰኞቿን በፌስታል ሞልታ ቢሮዬ መጣች። ደረሰኞቹ እውነተኛ ናቸው፤ ቀን አላቸው፣ ፊርማ አላቸው። ነገር ግን ሰርኪዩት ኮርት (ምስክርና ማስረጃ የሚሰማው የሥር ፍርድ ቤት) ፍርዱን ከሰጠ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ችሎት ፊት አንዳቸውም አልቀረቡም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እነዚህን ወረቀቶች እንደማያያቸው ስነግራት «ታዲያ ይግባኝ ምን ሊረባ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። የሚያናድደኝ ከፍርዱ በፊት ማንም ያልነገራት መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ቀለል ያሉትን ስህተቶች ላንሣ።

«ይግባኝ ሰሚ ማለት የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።» አይደለም። ሜሪላንድን እንውሰድ። ከታች ዲስትሪክት ኮርት አለ፤ ቀጥሎ ሰርኪዩት ኮርት፤ ከዚያ በላይ በግዛቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የሚያስችለው መካከለኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፤ ከሁሉም በላይ ሰባት ዳኞች ያሉት ጠቅላይ ፍርድ ቤት። መካከለኛው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። አስራ አምስት ዳኞች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ይሰየማሉ። የተፈጠረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ የበላይ ፍርድ ቤት የእያንዳንዱን ተከራካሪ ቅሬታም እየሰማ፣ ለግዛቱ ሁሉ የሚሆን የሕግ ትርጉምም እየሰጠ ሊዘልቅ አልቻለም። ስለዚህ የሥር ፍርድ ቤትን ስህተት ማረም ለመካከለኛው ተሰጠ፤ ጠቅላዩ ደግሞ በአመዛኙ ጉዳዮቹን የሚመርጥ ሆነ። አገር ቤት ሰበር ችሎት «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ሲል የሰማ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። መስፈርቱ ግን ይለያል፤ የእኛ ሰበር መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ይፈልጋል፤ የሜሪላንዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩ ለሕዝብ ያለውን ጥቅም ይመዝናል። በተግባር ለአብዛኛው ባለጉዳይ መካከለኛው የመጨረሻው በር ነው።

«ስሙን አይቼ ደረጃውን አውቃለሁ።» በስም አትመኑ። በኒውዮርክ «ሱፕሪም ኮርት» የሚባለው የሥር ፍርድ ቤት ነው። «ሱፔሪየር ኮርት» በካሊፎርኒያ ክስ የሚጀመርበት ሲሆን በፔንሲልቬንያ ይግባኝ ሰሚ ነው። የሜሪላንዱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራሱ እስከ ታኅሣሥ 2022 ድረስ «ይግባኝ ፍርድ ቤት» ይባል ነበር፤ መካከለኛው ደግሞ «የልዩ ይግባኞች ፍርድ ቤት»። ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ስማቸው ተቀየረ። የቆየ ውሳኔ የምታነብቡ ሰዎች ይህን ካላወቃችሁ አንዱን በሌላው ትተካላችሁ።

«ሁሉም ጋ ሦስት ደረጃ አለ።» ዋሽንግተን ዲሲ መካከለኛ ይግባኝ ሰሚ የላትም፤ ደላዌርም፣ ሜይንም እንዲሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እያደረ ዋሽንግተን የሚሠራ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ከአንድ የፍርድ ቤት ሥርዓት ወደ ሌላው ይሻገራል።

«አናፖሊስ ካልሆነልን ወደ ሪችመንዱ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ እንሄዳለን።» አትሄዱም። ያ ፍርድ ቤት በግዛት ፍርድ ቤቶች ላይ የይግባኝ ሥልጣን የለውም። ከግዛቱ ወደ ፌዴራል የሚወጣው የይግባኝ መንገድ አንድ ነው፤ የፌዴራል ሕግ ጥያቄ ካለ፣ የግዛቱ ደረጃዎች ካለቁ በኋላ፣ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ማለት። የስደተኝነት ጉዳይ ከመጀመሪያውም የፌዴራል ስለሆነ ሌላ መስመር አለው፤ ከስደተኝነት ዳኛው ፎልስ ቸርች ወዳለው የስደተኝነት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ፣ ከቦርዱ ወደ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ። የጓደኛችሁን የጥገኝነት መዝገብ ከቤት ኪራይ ክርክራችሁ ጋር አታነጻጽሩ።

«ይግባኝ ለማለት ሁለት ወር አለን።» ይህ ከአገር ቤት የመጣ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን 60 ቀን ይሰጣል። በሜሪላንድ በመደበኛው 30 ቀን ነው፤ ኪራይ ባለመክፈል በሚሰጥ የማስለቀቅ ፍርድ ላይ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ። በቨርጂኒያ ከታችኛው ፍርድ ቤት ከጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ይግባኝ ለማለት 10 ቀን ብቻ አላችሁ፤ ከሰርኪዩት ኮርት ወደ መካከለኛው ለመሄድ 30 ቀን። በአስራ አንደኛው ቀን የደወለልኝን ሰው ድምፅ አልረሳውም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ይግባኝ ማለት እንደገና መከራከር ነው» ልግባ።

ይህ እምነት ከሜዳ አልተነሣም። ከዲስትሪክት ኮርት ወደ ሰርኪዩት ኮርት የወጡ ብዙ ጉዳዮች በእርግጥ እንደ አዲስ ይታያሉ፤ በሜሪላንድ የወንጀል ጉዳዮችና ከ5,000 ዶላር ያልበለጡ የገንዘብ ክርክሮች፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ከጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት የሚነሡ ይግባኞች። ምስክር እንደገና ይጠራል፤ አዲስ ወረቀት ይገባል። የአጎቱ ልጅ የትራፊክ ቅጣት በዚህ መንገድ የተነሣለት ሰው ይግባኝ ሁሉ እንዲህ ይመስለዋል። ስለዚህ ማንም ስለ ይግባኝ ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ፍርዱን የሰጠው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?» ብዬ ነው።

ከሰርኪዩት ኮርት በላይ ግን የምስክር ወንበር የለም። ሦስት ዳኞች የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ፣ የችሎቱን ቃል ግልባጭና የጠበቆችን የጽሑፍ ክርክር ያነብባሉ። የቃል ክርክር ከተፈቀደ ጠበቆች በተቆጠረ ደቂቃ ይናገራሉ፤ ብዙ ጊዜ እሱም አይኖርም። ጥያቄዎቻቸው ጥቂት ናቸው፤ ዳኛው ሕጉን ስቷል ወይ? ስህተቱ በዚያው ችሎት ላይ ተነሥቶ ነበር ወይ? ውጤቱንስ ይለውጥ ነበር ወይ? የትኛው ምስክር እውነት ተናገረ የሚለውን ምስክሩን በዐይኑ ላየው ዳኛ ይተዉለታል።

አንድ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከአከራያቸው ጋር የሱቅ ቁልፍ አስረክቤያለሁ፣ አላስረከብክም የሚል ክርክር ነው። በሰርኪዩት ኮርት ቀርበው በአማርኛ «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ አስረከብኩ» አሉ። አስተርጓሚው «ሦስት ሰዓት» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ አሻገረው። ጋሼ ያሉት ጠዋት ነው፤ ችሎቱ የሰማው ከቀትር በኋላ ያለውን ሦስት ሰዓት፣ ማለትም የእኛን ዘጠኝ ሰዓት ነው። የአከራዩ ቢሮ ደግሞ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። የአከራዩ ጠበቃ ይህን በመዝጊያ ንግግሩ አነሣ፤ ዳኛው ጋሼን አላመኗቸውም። የጋሼ ጠበቃ አማርኛ አያውቅም።

መዝገቡ በኋላ እጄ ሲገባ ግልባጩን ገጽ በገጽ አነበብኩት። የተጻፈው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። አማርኛው የለም፤ ጸሐፊው የሚመዘግበው አስተርጓሚው የሚለውን ነውና። ድምፁ ቢቀረጽም እንኳ በወቅቱ ያልተነሣ ተቃውሞ በይግባኝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ጋሼን «ጠበቃው ዘጠኝ ሰዓት ሲል አልሰሙም?» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ፤ ደንግጬ ነበር። ግን የኔ ልጅ፣ ሰው ዳኛ ፊት ሲናገር ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ» አሉኝ። ፍርዱ ጸና።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ትርጉሙ ከሳተ እዚያው፣ በዚያችው ደቂቃ እጃችሁን አውጡ። «ክቡር ዳኛ፣ የተተረጎመው እኔ ያልኩት አይደለም» በሉ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ በኋላ ሦስቱ ዳኞች የሚያነብቡት እሱን ነው። ሰዓት ስትጠሩ «ጠዋት» ወይም «ከቀትር በኋላ» ጨምሩ፤ ቀን ስትጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። ደረሰኝ፣ የስልክ መልእክት፣ ፎቶግራፍ፣ ያላችሁን ሁሉ ከቀጠሮው ሳምንታት አስቀድማችሁ ለጠበቃችሁ ስጡ፤ ጠበቃ ከሌላችሁ ራሳችሁ ለዳኛው አቅርቡና በማስረጃነት መያያዙን አረጋግጡ። ዳኛው አልቀበልም ካሉም ማቅረባችሁና መከልከላችሁ በመዝገቡ ይጻፍ።

የቀረው «ይግባኝ ካስገባሁ ፍርዱ ይቆማል» የሚለው ነው። በገንዘብ ፍርድ ላይ በራሱ አይቆምም። ማስከበሪያ ዋስትና ካልተያዘ ወይም ፍርድ ቤቱ እግድ ካልሰጠ፣ መዝገባችሁ አናፖሊስ ተራውን እየጠበቀ ሳለ ባለፍርዱ የባንክ ሂሳባችሁን ሊያስይዝ ይችላል። የይግባኝ ማስታወቂያውን በምታስገቡበት ቀን የእግዱንም ነገር ጠይቁ።