ስልክን የኮምፒውተር ዌብካም ማድረግ፣ በድሬዳዋ ሙቀትና ኔትወርክ

ስልክን እንደ ዌብካም መጠቀም ማለት የስልኩ ካሜራ የሚያየውን በገመድ ወይ በዋይፋይ ወደ ኮምፒውተር ማስገባትና ኮምፒውተሩ የራሱ ካሜራ አድርጎ እንዲቆጥረው ማድረግ ነው። ዙም ወይ ጉግል ሚት ሲከፈት የካሜራ ምርጫው ውስጥ ለዚህ ሥራ የተጫነው አፕ ስም ይመጣል፣ እሱን መምረጥ ብቻ ነው። በአማርኛ ተሰብስቦ የተቀመጠ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ይሄን ያጠናቀርኩት ከአፖቹ መመሪያና ድሬ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ካየሁት ነው፣ ስለዚህ አንድሮይድና ዊንዶውስ ይበዛበታል፣ እጄ ላይ በብዛት የሚመጣው እሱ ነዋ።

ድሬ ላይ ነገሩ የሚፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ካሜራ የለውም። ሁለተኛ ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያም ይሁን ከሌላ ቦታ የሚገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ካሜራው ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ምክንያቱም የካሜራው ቀጭን ገመድ የሚያልፈው በማጠፊያው ውስጥ ነው፣ ላፕቶፑ ለዓመታት ሲከፈትና ሲዘጋ ገመዱ ይላላል ወይ ይቆረጣል። ስክሪኑን ፈትቶ ገመዱን መቀየር ይቻላል ግን የዛኑ ሞዴል ገመድ ማግኘት አድካሚ ነው። የሚሠራውም ቢሆን አብዛኛው የላፕቶፕ ካሜራ 720ፒ፣ ማለትም አንድ ሜጋፒክሰል የማይሞላ ስለሆነ ማታ በአምፖል ብርሃን ፊት አያሳይም። ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ተራ የሚባለውም ጭምር ከጀርባው 1080ፒ የሚቀርፅ ካሜራ አለው።

ዌብካም የሚባለው ነገር ራሱ የጀመረው እ.ኤ.አ. 1991 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ ተመራማሪዎቹ ቡና ለመቅዳት ደረጃ ወርደው ማፍያው ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቃቸው ካሜራ ደቀኑበት፣ በ1993 ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ በ2001 ተዘጋ። በነገራችን ላይ የዓለም የመጀመሪያው ዌብካም የተደቀነው ቡና ላይ መሆኑ ለኛ ለሐረር ቡና አገር ሰዎች ደስ የሚል ነገር ነው። ለሽያጭ የቀረበው ኩዊክካም ደግሞ በ1994 ወጣ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ከዛ በኋላ ስማርትፎን መጣ፣ ድሮይድካምና አይፒ ዌብካምን የመሳሰሉ አፖች ተሠሩ። የቱ ቀደመ የሚለው ላይ ሰው ይከራከራል፣ እኔ አልገባበትም።

ነገሩ በደንብ የተስፋፋው በኮሮና ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፣ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ቤቱ ተሸኘ። በዛው ወቅት በመላው ዓለም ሰው ከቤቱ መሥራት ሲጀምር ዌብካም ከየሱቁ አለቀ፣ የቀረውም ዋጋው ሰማይ ነካ። ስለዚህ አሜሪካም ያለው ሰው፣ እዚህ ድሬ ከዚራ ሰፈር ያለውም ሰው አንድ ዓይነት መፍትሔ ላይ ደረሰ፣ ስልክ። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ካሞ የሚባለው አፕ ወጣ፣ ኤፖክካም የሚባለውን ተመሳሳይ አፕ ኤልጋቶ የሚባል ኩባንያ ገዛው፣ ኦቢኤስ የሚባለው የቪዲዮ መቅረጫና ማሰራጫ ፕሮግራም ደግሞ ስሪት 26 ላይ ቨርቹዋል ካሜራ በውስጡ አካተተ። ቨርቹዋል ካሜራ ማለት ኮምፒውተሩ እውነተኛ ካሜራ የተሰካ እንዲመስለው የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው፣ የሁሉም አፕ ሚስጥር እሱ ነው። ያኔ አንድ አስተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣና የማስተርስ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሲከላከል (ዲፌንስ) በኢንተርኔት ሊቀመጥለት ነው፣ ካሜራው ሞቷል፣ ቀኑ ደግሞ ነገ ነው። የራሱን ሳምሰንግ በገመድ አገናኘንለት፣ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሰውዬው ዝም ብሎ ለረጅም ሰዓት ራሱን አየ። ከዛ በኋላ ጓደኞቹን በተራ ላከልኝ፣ የድሬ ልጅ የሚጠቅም ነገር ካገኘ ለብቻው አይዝም አቦ።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ኮንቲኒዊቲ ካሜራ ብሎ አይፎንንና ማክን ያለ ተጨማሪ አፕ አገናኘ። አንድሮይድ 14 ላይ ደግሞ ስልኩን በዩኤስቢ ሲሰኩት ዌብካም የሚል ምርጫ መጣ፣ መጀመሪያ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ፒክሰል በሚባለው የጉግል ስልክ ላይ፣ ሁሉም ስልክ ግን የለውም። ዊንዶውስ 11ም ከ2024 ጀምሮ የአንድሮይድ ስልክን ያለ ገመድ እንደ ካሜራ ይቀበላል።

አሠራሩ፣ በድሮይድካም እንውሰድ። አፑ ስልኩ ላይ ይጫናል፣ ጓደኛው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል። በገመድ ከሆነ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ገብቶ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ መንካት፣ ያኔ የዴቨሎፐር ምርጫ ይከፈታል፣ እዛ ውስጥ ዩኤስቢ ዲበጊንግን (ኮምፒውተሩ በገመድ ስልኩን እንዲያዝ የሚፈቅደውን) ማብራት፣ ገመዱን መሰካት፣ ስልኩ ፍቀድ አትፍቀድ ብሎ ሲጠይቅ ፍቀድ ማለት። ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፣ ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል ግን ኮምፒውተሩ አያየውም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው። የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፣ ሁለቱ ለኃይል ሁለቱ ለዳታ፣ ርካሹ ገመድ ግን የዳታዎቹ ሽቦዎች ጭራሽ የሉትም፣ ስለዚህ ቻርጅ ከማድረግ ውጭ ምንም አያደርግም። ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ገመድ ከሆነ ለዌብካምም ይሆናል፣ መሞከሪያው እሱ ነው። ገመዱ ደህና ሆኖ እምቢ ካለ የስልኩን ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ስልኩን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም መጫን ነው።

በዋይፋይ ከሆነ ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ እንጂ ሌላ አይፈልግም፣ አፑ የሚያሳየውን የአይፒ ቁጥር (የስልኩን የኔትወርክ አድራሻ) እና ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) 4747 ኮምፒውተሩ ላይ መጻፍ ነው። ቤት ዋይፋይ ከሌለ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፑን እዛ ላይ ማገናኘት ይሠራል። ዳታዬን ይበላል ብለው የሚፈሩ አሉ፣ ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ምስል ኢንተርኔት ስለማይነካ አንድ ሜጋ አይቆርጥም፣ የሚቆርጠው ዙሙ ራሱ ነው። ነፃው ድሮይድካም ለረጅም ጊዜ 640 በ480 ላይ የተገደበ ነበር፣ ለስብሰባ ግን ይበቃል።

ኔትወርክን በተመለከተ ድሬ ወደኋላ የቀረች ከተማ አይደለችም። ከጎረቤታችን ሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር በአገራችን የስልክ ታሪክ መነሻ ነው፣ ብዙዎቹ 1894 እ.ኤ.አ. ይላሉ፣ ስልኩን ራስ መኮንን ቀደም ብለው ከውጭ ይዘው መጡ የሚልም አለ። ድሬ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ሳፋሪኮምም ኢትዮጵያ ውስጥ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2014 እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከኛ በኋላ ነው የደረሳት።

ድሬ ላይ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። አፕል አይፎን እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠራ ነው የተሠራው ይላል፣ እኛ ጋ ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት ያን ማለፍ ብርቅ አይደለም። ካሜራ ሲሠራ ስልክ ይሞቃል፣ ቻርጅ ሲደረግ ይሞቃል፣ ዋይፋይ ሲልክ ይሞቃል፣ ሦስቱ ሲደመር ስክሪኑ ይደበዝዝና ካሜራው ይዘጋል። አንዲት ልጅ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ እያለች 40 ደቂቃ አካባቢ ምስሏ ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ፣ ስልኩን ስነካው ከጀበና የወረደ ነበር የሚመስለው። መፍትሔው ካቨሩን ማውለቅ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ፣ ጥራቱን 720ፒ ላይ መተው፣ ቬንትሌተሩን ወደ ስልኩ ጀርባ ማዞር። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አይደረግም፣ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ባትሪ ያበላሻል ወይ የሚለው ያከራክራል፣ ሙቀት የሊቲየም ባትሪን እንደሚያስረጅ የታወቀ ነው፣ ካሜራው ብቻውን ግን ያበላሻል ማለት ይከብዳል። እኔ ገመድን ነው የምመርጠው፣ ምስሉ አይዘገይም፣ መብራት ሄዶ ራውተሩ ቢጠፋም የስልኩና የላፕቶፑ ግንኙነት አይቋረጥም። ግን የላፕቶፕ ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ስለሆነ ረጅም ስብሰባ ላይ ባትሪው ቀስ እያለ ሊወርድ ይችላል፣ ሞልቶ መጀመር ያስፈልጋል።

ካፌና ሆቴል ዋይፋይ ላይ ጥንቃቄ አለው። አይፒ ዌብካም ፖርት 8080 ላይ ምስሉን ያለ ፓስዎርድ ካስተላለፈ እዛው ዋይፋይ ላይ ያለ ማንም ሰው አድራሻውን ብራውዘር ላይ ጽፎ ቤታችሁን ሊያይ ይችላል። ፓስዎርድ ማድረግ፣ ሲጨርሱ አፑን መዝጋት፣ ዩኤስቢ ዲበጊንጉንም ማጥፋት።

ማስቀመጫውን በተመለከተ ትራይፖድ መግዛት ግድ አይደለም። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከመሀሉ ተቆርጦ፣ ታቹ ላይ ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋ ተሞልቶ፣ ጎኑ ላይ በስልኩ ውፍረት ልክ ከተሰነጠቀ ንፋስ አይጥለውም። ስልኩ በጎኑ ይተኛል፣ የጀርባው ካሜራ ወደ ሰው፣ ቁመቱ ከዓይን ጋር እኩል፣ መስኮት ከፊት እንጂ ከኋላ አይሁን። ለሒሳብ አስተማሪ ደግሞ ሌላ አለ፣ ስልኩን ከመጻሕፍት ክምር ጫፍ ላይ አውጥቶ ከላዩ ከባድ ነገር መጫንና ካሜራውን ወደ ደብተሩ ቁልቁል ማድረግ። ጂቡቲ ያለ ተማሪ ድሬ ላይ የሚጻፈውን እያንዳንዱን መስመር እስክሪብቶው ሲሄድ ያያል፣ ሰሌዳ አያስፈልግም።