የወሎ የመጠጥ ውሃ፦ ከገደል ሥር እስከ ደጋው ቦኖ

በወሎ ደጋ ውሃ ልትቀዳ የሄደች ሴት «ወንዝ ወረደች» ትባላለች። አነጋገሩ በሌላም አገር የተለመደ ነው፤ በወሎ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። ሰው የሚኖረው ከላይ፣ በአምባውና በተረተሩ ላይ ነው። ውሃው ያለው ከታች፣ በገደሉ ግርጌና በሸለቆው ውስጥ ነው። ለተረሱት ቀበሌዎችና ጎጦች ንጹሕ ውሃን አቅማቸው በሚፈቅደው ዋጋ፣ ሳይቋረጥ ለማድረስ የተደረገው ጥረት ሁሉ ከዚህ የከፍታ ልዩነት ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ወሎ ዛሬ በአስተዳደር ስምነት የቀረው በሰሜን ወሎና በደቡብ ወሎ ዞኖች ነው። የቀድሞው ክፍለ ሀገር ዋግን፣ የዛሬውን የከሚሴ አካባቢ፣ ራያንና ከአፋር ቆላም ሰፊ ክፍል ይጨምር ነበር። የደጋው ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ባዝልት ነው። በምሥራቁ በኩል ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በምዕራቡ በሽሎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ተከዜም ከላስታ ተራሮች ይነሣል። የወሎ ዝናብ ለጎረቤት ሁሉ ይተርፋል ማለት ነው፤ ዝናቡ የወረደበት የአምባ ሰው ግን በበጋ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል።

ምንጮቹ የሚፈልቁት በዚያው በባዝልቱ አደራረብ ምክንያት ነው። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ ይሰርግና ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ ንጣፍ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ንጣፉ በገደል በተቆረጠበት ቦታም ይወጣል። ደላንታን፣ ዋድላንና መቄትን የሚያውቅ ሰው በገደሉ ወገብ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውን መስመር ያስታውሳል፤ መስመሩ የምንጮች ሰልፍ ነው። የላስታ ሰዎች ይህን የድንጋይ ጠባይ ከጥንት ያውቁታል። በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ እስከ ዛሬ በድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም በጸበልነት ይወስዱታል። በላሊበላ በቤተ ማርያም ግቢ ከአለቱ የተፈለፈለው ኩሬም አለ።

ወሎ በዓመት ሁለት ዝናብ ይጠብቃል፤ በልግንና ክረምትን። በልጉ ሲቀር ጉዳቱ በእህሉ ብቻ አያበቃም። በክረምቱ የተሞላው የከርሰ ምድር ውሃ ከመስከረም እስከ ሐምሌ ያለ እርዳታ መቆየት ይኖርበታል፤ ብዙ ምንጭ ደግሞ ይህን ያህል አይቆይም። ግንቦትና ሰኔ የወሎ ሴቶች ሌሊት የሚነሡባቸው ወራት ናቸው፤ ምንጩ ሌሊቱን ያጠራቀመውን ቀድሞ የደረሰ ይቀዳዋልና።

የአገሪቱ መመዘኛ በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (2008–2012 ዓ.ም.) ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር ውሃ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲደርስ ያዝዝ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚከታተሉት መለኪያ ደግሞ በደቂቃ ይቆጥራል፦ ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ቀድቶ ለመመለስ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ። ለወሎ የሚበጀው ይህ በደቂቃ የሚቆጥረው ይመስለኛል። በካርታ ላይ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ በአምባሰል ወይም በመቅደላ 300 ሜትር ቁልቁለት ሊሆን ይችላል። ባዶ ጀሪካን ይዞ መውረዱ ቀላል ነው። ሲሞላ 20 ኪሎ የሚከብደውን አዝላ ያንኑ ዳገት የምትወጣው ሴት ግን ርቀቷን በኪሎ ሜትር ብንነግራት አይገባትም።

በገጠሩ ከሁሉ ዋጋው የሚረክሰውና የሚበረክተው ዘዴ ምንጭ ማጎልበት ነው። ሠራተኞቹ ውሃው የሚወጣበትን ዐይን እስኪያገኙ ወደ ተራራው አቅጣጫ ይቆፍራሉ። በዐይኑ ፊት ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፤ ከላዩ ሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል፤ ከፊቱ በሲሚንቶ የተገነባ ሳጥን ይሠራለታል። ከሳጥኑ ውሃ የሚወጣው በቧንቧ ብቻ ነው፤ ማንም እጁን ወይም ቅሉን አይነክርበትም። ከላይ ጎርፍ የሚቀይስ ቦይ ይቆፈራል፤ ዙሪያው ይታጠራል። ከብት የሚጠጣበት ገንዳና ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ወደ ታች ራቅ ተደርጎ ይሠራል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነስ ነው፤ መቀነሱ ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ገንዳ ያጣ እረኛ አጥሩን ያፈርሳል፤ ላሙ ጠምቶታልና አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ አልቅቱም እበቱም ወደ ሰው ውሃ ይመለሳል።

የምንጩን አቅም ለመለካት ጀሪካንና ሰዓት ይበቃል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል፤ በቀንና በሌሊት 43,200 ሊትር ይሆናል። በ25 ሊትር ሲካፈል ለ1,728 ሰው ይደርሳል። ይህ ልኬት በጥቅምት የተወሰደ ከሆነ ግን ያሳስታል። ያው ጀሪካን በሰኔ መጀመሪያ ለመሙላት 2 ደቂቃ ቢፈጅበት የቀኑ ውሃ 14,400 ሊትር ይሆናል፤ የሚበቃውም ለ576 ሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ 1,152 ሰው ነው፤ ከነልጆቹ፣ ከነአዛውንቱ። ሠርተው የሄዱት ሰዎች ሪፖርት ላይ «ተጠቃሚ» ተብሎ የተጻፈው ሕዝብ በየዓመቱ በሰኔ ከሪፖርቱ ይወጣል። በክረምት ማግሥት ምንጭ ለክቶ ለበጋ ቃል መግባት ሰውን ማታለል እንደሆነ በግልጽ መነገር አለበት። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከሌለ ደግሞ ከዚያም ላይ ብዙው ፈስሶ ይቀራል።

ምንጭ በሌለበት ሜዳ የእጅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከላዩ የሚተከለው በብዛት አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ሲሆን እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ድረስ ውሃ ይስባል። የተሠራው የመንደር ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። በውስጡ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች በየጊዜው ያልቃሉ፤ ዋጋቸው ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ሆኖም ጎማው የሚሸጥበት ሱቅ የቀን መንገድ የሚርቅ ከሆነ ፓምፑ ቆሞ ይቀራል፤ ሴቶቹም ወደ ድሮው ወንዝ ይወርዳሉ።

በቆቦ፣ በጊራናና በራያ ሜዳ ነገሩ ሌላ ነው። ከተራራው እየታጠበ የወረደው ደለል ወፍራም ነው፤ በውስጡም ብዙ ውሃ አለ። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርና ውሃው በሞተር ይሳባል። ያው የከርሰ ምድር ውሃ ለመስኖም የሚፈለግ በመሆኑ አርሶ አደሩና ጀሪካን ያዢዋ ከአንድ ማሰሮ ይቀዳሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በዚህ ላይ ጥርት ያለ ቃል አለው፦ ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል። በእጅ ጉድጓድ ቆፍሮ መጠቀምም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ወደ ደጋ ውሃ መግፋት ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነው። 50 ጀሪካን፣ ማለትም 1 ሜትር ኩብ ውሃ 200 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ከፓምፑ ብክነት ጋር 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። መብራት ባለበት ይህ የሚቻል ወጪ ነው። በናፍጣ ጄኔሬተር ሲሆን ግን ያው ሥራ የሊትር ሲሶ ያህል ነዳጅ ይጠይቃል፤ ነዳጁም ከከተማ በመኪና፣ ቀሪውን በአህያ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ነዳጅ በተወደደ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆመው ከፍ ብሎ የተቀመጠው መንደር ውሃ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ይህን አቃልሏል። ነዳጅ አይፈልግም፤ ቀን የሳበውን ውሃ ከፍ ባለ ማጠራቀሚያ ያስቀምጥና በስበት ወደ ቦኖዎቹ ይለቅቃል። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ሲበላሽ ግን የመንደር ሰው በመፍቻ የሚፈታው ነገር አይደለም። እስኪጠገን የሚያቆይ የተቀመጠ ገንዘብ ያስፈልጋል።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት ፖሊሲ በገጠር የሚሰበሰበው ክፍያ የማስኬጃና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን፣ በከተማ ደግሞ ሙሉ ወጪውን ወደ መመለስ እንዲያመራ ይላል። «ውሃ የእግዚአብሔር ነው፣ የአላህ ነው፤ እንዴት ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ በየቀበሌው ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱ ከሰዎቹ አፍ ሲሰማ ያማረ ነው፦ ውሃው አይሸጥም፤ የሚከፈለው ለቧንቧው፣ ለቁልፉና ለጠባቂው ነው።

ለዚህ የሚመረጠው የውሃ ኮሚቴ ነው። ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ የቦኖ ጠባቂ አለው፤ ሴቶች በብዛት እንዲገቡበት መመሪያው ያዝዛል። ወረዳ ያቋቋመው ኮሚቴ ግን ፎቶ ከተነሣ በኋላ የሚበተንበት ጊዜ አለ። ወሎ ለዚህ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ቅሬ ይባላል። በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚገኙበት ቦታ ብዙ ነው። ቅሬ ሰው ይቀብራል፣ ዕቃ ያስቀምጣል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይቀጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚሸከምለት ያጣል። የውሃው መዋጮ በቅሬው ጉባኤ ሲነሣ፣ የገንዘብ ያዡ ሒሳብም በዚያው በሽማግሌ ፊት ሲነበብ ሌላ ክብደት ያገኛል። ባለሙያ ሁሉ ወደ ጎጥ ሲገባ አስቀድሞ ማነጋገር ያለበት የቅሬውን ዳኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሕዝቡ ላይ እምነት የጣለ አሠራር አመጣ። የግንባታው ገንዘብ ለተቋራጭ መከፈሉ ቀርቶ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ) በኩል ለኮሚቴው ራሱ ተሰጠ። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ሥራውን የሚረከበው መንደሩ ሆነ። ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ፣ ከኪሱም አዋጥቶ የሠራ ሕዝብ ፓምፑ ሲሰበር «የመንግሥት ነው» አይልም። ዘዴው በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

የከተሞቹ ችግር በሌላ መልክ ይታያል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተዘርግታ ወደ ዳገቱ እያደገች ነው። ቧንቧው የተዘረጋለት ሰው ሁሉ ውሃ አያገኝም፤ ግፊቱ ዳገት አይወጣም፣ ውሃውም በፈረቃ ይደርሳል። ሮቶ መግዛት የቻለ በተራው ቀን ይሞላል። ያልቻለው በባልዲና በጀሪካን የያዘው ሲያልቅበት ከጎረቤት ወይም ከጋሪ ይገዛል፤ ከጋሪ የሚገዛው ጀሪካን ደግሞ ከቆጣሪው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ድሀው ለውሃ ከሀብታሙ አብልጦ የሚከፍለው በዚህ መንገድ ነው። ወደ ታች የቦርከና ወንዝ የደሴንም የኮምቦልቻንም ፍሳሽ እየተቀበለ ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ በታች ያለው ገበሬና ከብቱ ግን ከዚያው ወንዝ ጋር ይኖራሉ። በሐይቅ ዳርም ቢሆን ሰው የሚጠጣው የምንጭና የጉድጓድ ውሃ መሆን አለበት፤ ከብት የሚገባበትና ልብስ የሚታጠብበት የሐይቅ ውሃ ሳይጣራ አይጠጣም።

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 የሰሜኑ ጦርነት በወሎ ሲቆይ የውሃ ተቋማትም አብረው ተጎድተዋል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የጥልቅ ጉድጓዱ ከተማ ደረቀ፤ በላሊበላና በአካባቢው መብራቱ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በስበት የሚወርድ ምንጭ ያለው መንደር ግን ሞተርም መስመርም ስለማያሻው ውሃውን አላጣም። ይህ ሁሉንም ነገር በአንድ ኃይል ላይ ማንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል።

ውሃው ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ ቤት ሲደርስ የሚበከልበት ሁኔታ ብዙ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ተሕዋስ ፈጽሞ መገኘት የለበትም፤ በቦኖው ይህን ያለፈ ውሃ በጀሪካኑ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የጀሪካን ውስጥ እጅ አያስገባም፤ ጥግ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ልጋግ ይይዛል። የወሎ እናቶች ጠጠርና አሸዋ ከጥቂት ውሃ ጋር ጨምረው፣ ግራና ቀኝ እየናጡ ያጥቡታል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። የምንጩ ውሃ በሚያጠራጥርበት ጊዜ «ውሃ አጋር» የሚባለው ፈሳሽ ክሎሪን በመመሪያው ልክ ይጨመርና ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑ ይከደናል፤ ወደ ብርጭቆም ዘንበል ተደርጎ ይቀዳል እንጂ ኩባያ አይነከርበትም። በእንስራ የሚያስቀምጡ ደግሞ እጀታው ረጅም የሆነ ጭልፋ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለመጠጥ ውሃ ብቻ ይለዩታል፤ ልጆቹም ሌላ ነገር እንዳይቀዱበት ይነገራቸዋል።